አሁን ተማሪ ነሽ

ትርሲት ይመር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሙሉውን ሠራተኛ፣ አንድም ቀን ሙሉውን ተማሪ ሆና ውላ አታውቅም። ጠዋት ጉትቻዋን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ «አሁን ሠራተኛ ነሽ» ይላታል። አምስት ሰዓት ሲሆን ያው ድምፅ «አሁን ተማሪ ነሽ» ይላል፤ ያኔ የያዘችውን ሁሉ ትተዋለች። ደም እየቀዳች ከሆነ መርፌውን ነቅላ ጥጡን ለሰውየው ታስይዘዋለች። ደረጃ እየወጣች ከሆነ እዚያው ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። በኮምቦልቻ ጎዳና ሰው በድንገት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ዓይኑን ሲጨፍን አላፊ አግዳሚው ዞሮለት ያልፋል እንጂ «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተማሪ ሆኖ ነው።

ድምፁን ሰዉ «ሚዛን» ይለዋል። ሚዛን የሥራውንና የትምህርቱን ሰዓት እኩል አይደለም የሚያካፍለው፤ ልክ ነው የሚያካፍለው። ትምህርቱ በሳምንት ሩብ ሰዓት ከጎደለ ዓመቱ ይደገማል። ሥራው ከጎደለ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይቀራል።

የሥራ ላይ ዲግሪ በእናቷ ዘመን አምስት ዓመት ይፈጅ ነበር ይባላል። ትርሲት ስትመዘገብ ስምንት ሆኖ ጠበቃት። በሦስተኛ ዓመቷ ዘጠኝ ተኩል፣ በስድስተኛው ደግሞ አሥራ አንድ ተባለ። የሚራዘመው በደብዳቤ ነው። ስትጀምር ያልተወለደችው ልጇ አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ስትጀምር የነበረው ባሏ ደግሞ «ካንቺ ጋር ለመጣላት እንኳ ቀጠሮ መያዝ አለብኝ» ብሎ ከሄደ አራት ዓመት አለፈው።

የምትሠራው የልብ ጥናት በሚያካሂድ ማዕከል ውስጥ ነው፤ የምርምር ደጋፊ ትባላለች። ከደሴ እስከ ከሚሴ አርባ ሺህ ሰው ደረቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ልጥፍ ለጥፎ ይኖራል። ልጥፏ ሌሊትና ቀን የልብ ምቱን ታነባለች፤ ሰውየው ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲታመም ቀይ ትበራለች። ከነዚህ ሰዎች ስልሳ ሁለቱ የትርሲት ናቸው። በየሦስት ሳምንቱ ቤታቸው ሄዳ ልጥፍ ትቀይራለች፣ ደም ትቀዳለች፣ ታደርሳለች። «ልቤ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቋት የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተመዝግቧል»። ደጋፊ አይተረጉምም። ይህ በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፣ በጋወኗ ኪስ ላይም ተጠልፏል።

ተማሪ ስትሆን ደግሞ ሥራዋ መተርጎም ብቻ ነው። ዓይኗን ስትጨፍን የልብ ምት ሞገድ ይመጣላታል፤ ስም የለው፣ ዕድሜ የለው፣ ቀን የለው። የቱ ጋ እንደሚዘገይ፣ የቱ ጋ እንደሚስት ትናገራለች። ያ ልብ የማን እንደሆነ ማወቅ «መለየት» ይባላል። የለየ ሰው ከዲግሪው ለዘለዓለም ይሰረዛል። እስከ ትርሲት ዘጠነኛ ዓመት ድረስ ለየሁ ያለ ሰው አልነበረም።

የዘጠነኛ ዓመት ማለፊያ ፈተና ሦስት ጠዋት ይፈጃል፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ ልብ ይሰጠዋል። ሰኞ የሞገዱን የመጀመሪያ ክፍል ያያል፣ ማክሰኞ ቀጣዩን፣ ረቡዕ ደግሞ ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ጽፎ ይወጣል።

ሰኞ ዕለት ትርሲት የደረሳት ልብ ከባድ ነገር አልመሰላትም። የላይኛው ክፍል ያዛል፣ የታችኛው ትእዛዙን ትንሽ ዘግይቶ ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ አስተዋለች፤ በሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል ሞገዱ ይቋረጣል። ሰውየው ልጥፉን አውልቆ ይታጠብ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከፈተናው ወጥታ ሠራተኛ ሆነች። አራት ሰዓት ላይ ከገርባ በላይ ካለው ተረተር እማማ ጦይባ ቤት ነበረች። እማማ ጦይባ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሃያ ሦስት ቀፎ ንብ ይዘው ብቻቸውን ይኖራሉ። ንቦቹ ልጥፏን አይወዷትም። አንድ ቀን ለጥፈዋት ቢጠጉ ፊታቸው እስኪያብጥ ነደፏቸው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና አርብ ጠዋት ቀፎ ሲያዩ አውልቀው ድንጋይ ላይ ያስቀምጧታል።

ትርሲት አሮጌውን ልጥፍ አንስታ አዲሱን ለጠፈች፤ መሥራቱን ለማየትም በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው የሚለው። እሷ ግን ሁልጊዜ አራት ጊዜ ነው የምትመታው፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቀውም።

«ቁጭ ብዬ ስነሳ ቤቱ ይዞርብኛል» አሏት እማማ ጦይባ። «ትላንት ደግሞ በሩን ይዤ ነው የቆምኩት። ምንድነው እሱ ልጄ?»

ልጥፏ አረንጓዴ በራች።

«ተመዝግቧል፣ እማማ።»

«ይመዝገብ እሱማ፣ ምንድነው ነው የምልሽ።»

«ተመዝግቧል» አለች ትርሲት ሁለተኛ፤ ዕቃዋንም ሰብስባ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራቱም ተፈታኞች በቀድሞው ፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከትርሲት ፊት የከሚሴዋ ሌንሳ ተቀምጣለች፤ አብረው የተመዘገቡ፣ በአንድ ሳምንት የወለዱ ጓደኛሞች ናቸው። በግራዋ ይታገሡ አለ። ከደጋን በኩል ያሉትን ተሳታፊዎች የያዘ፣ ዝምተኛ፣ ምሳውን ለጎረቤት ሳያካፍል የማይበላ ሰው ነው። ድምፁ «አሁን ተማሪ ነሽ» አላት፤ ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች።

ልቡ ከትላንቱ ብሶበታል። ትእዛዙ መዘግየቱ ቀርቶ መጥፋት ጀምሯል። የላይኛው ክፍል ይመታል፣ ይመታል፤ የታችኛው ዝም። ዝምታው መጀመሪያ ሁለት ሰከንድ፣ ወደ ኋላ ሦስት፣ መጨረሻው አካባቢ አራት ሰከንድ ከምናምን። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ቆሞ እያለ ይወድቃል። ትርሲት ይህን ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ተምራለች። መልሱን ልትጽፍ ወደ ኋላ መለስ ብላ መቋረጦቹን ቆጠረች። በሳምንት ሁለቴ። አርባ ደቂቃ። ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ልቡ ሸክም ተሸክሞ ዳገት እንደወጣ ሰው ልብ ይፈጥናል።

ቀፎ እንዳነሳ ሰው።

«አይሆንም» አለች በሆዷ። ስንቱ ሰው ያወልቃል! ደግሞም የፈተና ልብ የድሮ ልብ ነው፤ ከሞተ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሊሆን ይችላል።

ወደ ፊት ሄደች። መጨረሻው አካባቢ አንድ ሌላ መቋረጥ አለ፤ አጭር፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ። የልጥፍ ቅየራ ነው። ከቅየራው በኋላ ሞገዱ ላይ ሹል ሹል ምልክቶች ቆመዋል፤ ደጋፊው በጣቱ ልጥፉን የመታበት።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ትርሲት የራሷን ጣት አየች።

ከአራተኛው ምት እስከ ሞገዱ መጨረሻ ያለውን ሰዓት ቆጠረች። ሃያ አንድ ሰዓት። ትላንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዛሬ አንድ ሰዓት ሃያ አንድ ሰዓት ነው። ያ ልብ የሞተ ሰው ልብ አይደለም፤ ገና ዛሬ የነቃ፣ ቁርሱን የበላ፣ ዕለቱ ማክሰኞ ስለሆነ ልጥፉን አውልቆ ወደ ቀፎ የሚወጣ ሰው ልብ ነው።

ዓይኗን ገልጣ ቆመች።

«ፈተና ላይ ነሽ» አላት ድምፁ። «ለመውጣት ምክንያት ተናገሪ። ሕመም፣ ምጥ፣ ወይስ ሐዘን?»

«ሕመም።»

«የማን?»

«የኔ።»

ጉትቻው የደም ስሯን አዳመጠ። «የልብ ምትሽ መቶ ሠላሳ ስድስት ነው። ተፈቅዷል። ዓመቱ ይደገማል። አሁን በሽተኛ ነሽ።»

ይታገሡ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ መልሶ ጨፈነ።

ውጭ እንደወጣች እማማ ጦይባ ዘንድ ደወለች። አይነሳም። ቀፎ ሲያዩ ስልካቸውን ቤት ነው የሚተዉት። ድንገተኛ እርዳታ ዘንድ ደወለች።

«ልጥፏ ደህና ትላለች» አላት ያነሳው ሰው። «አረንጓዴ ላይ መኪና አንልክም።»

«ልጥፏ ተሳስታለች።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ሹፌር አልባ ባጃጅ አስቁማ ገባች። «ገርባ» አለች። ባጃጁ አልተንቀሳቀሰም። «በሽተኛ ነዎት» አላት። «ወደ ቤትዎ ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ?» ወረደች። ሁለተኛውን ሞከረች፤ ያንኑ አላት። ሦስተኛውን ሳትሞክር ወደ ባቲ መውጫ ሮጠች። እዚያ አንድ አሮጌ አይሱዙ ሲሚንቶ ጭኖ ጎማውን ያስነፋል። ሰው የሚነዳቸው መኪኖች በከተማው ሦስት ወይ አራት ቢቀሩ ነው። ሹፌሩ ሙሄ የሚባል ግንባሩ የተኮሳተረ ጎልማሳ ነበር።

«ወንድሜ፣ ገርባ አድርሰኝ፤ ሰው እየሞተብኝ ነው።»

ሙሄ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ጋወኗን፣ ጉትቻዋን። «የናንተ መኪና ምን ሆነ?»

«አይወስደኝም።»

«ይቺ ትወስድሻለች። ግቢ።»

መንገዱ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሙሄ አልጠየቃትም፤ ማርሹን ሲቀይር ብቻ ከመኪናው ጋር ያወራል። ትርሲት ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ እያኖረች ዝምታውን ትቆጥራለች። አራት ሰከንድ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራት ከምናምን ከነበረ፣ አሁን ስንት ሆኖ ይሆን?

አይሱዙው ተረተሩን ስለማይወጣ ከታች ቆመ። ትርሲት በሩጫ ስትደርስ እማማ ጦይባ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው የኩበት ጭስ እያጨሱ ከቀፎዎቹ መካከል ቆመዋል። በሕይወት አሉ።

«ዛሬ ቀንሽ አይደለም እኮ» አሏት።

«እማማ፣ ይቀመጡ። እባክዎ እዚያው ይቀመጡ።»

«ምነው? ንቦቼ እንኳ እንዲህ አይጣደፉ። አብሽሪ።»

የትርሲት ዓይን ድንጋዩ ላይ አረፈ። ልጥፏ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ከደረት የወጣች፣ ከማንም ልብ ጋር ያልተገናኘች። አረንጓዴ ትበራለች። ደህና ነው ትላለች። ድንጋዩ ደህና ነው።

ቀና ስትል እማማ ጦይባ የጭሱን ዕቃ ለቀዋል። እጃቸው አየሩን ፈለገ፣ አጣ፤ በጎናቸው ወደቁ።

ትርሲት ተንበርክካ ጣቷን አንገታቸው ላይ አደረገች። ምንም የለም። አምስት ቆጠረች። ምንም። ሰባት። ንቦቹ እጇ ላይ አረፉ፣ ነደፏት። ሁለት መዳፏን አነባብራ ደረታቸውን ተጫነች፤ እየቆጠረች ደጋግማ ተጫነች። የሆነ ነገር ከመዳፏ ሥር ሲላወስ ተሰማት። ጣቷን መለሰች። አንድ ምት። ረጅም ዝምታ። ሌላ ምት።

እማማ ጦይባ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምንድነው?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ዛሬም ተመዝግቧል ልትይኝ ነው?»

«አይደለም» አለች ትርሲት። «የልብዎ የላይኛው ክፍል ምታ ብሎ ያዛል፤ የታችኛው አይሰማውም። መንገዱ ተቆርጧል። የሚያዞርዎት እሱ ነው። መድኃኒት አለው፤ ምቱን የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ይገባልዎታል፣ ከዚያ ይድናሉ። ግን አሁኑኑ መሄድ አለብን።»

«እና ይህን ታውቂ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። ትላንት ግን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ጎረቤቶች በቃሬዛ አወረዷቸው፤ ሙሄም የሲሚንቶ ከረጢቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ ሠራ። በመንገድ ላይ እማማ ጦይባ ሁለቴ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሁለቴ ትርሲት ደረታቸውን ተጭና መለሰቻቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛዋ ወጣት ሐኪም በትርሲት መዳፍ ላይ ያለችውን ልጥፍ አየች፣ ግድግዳው ላይ የልጥፎቹን ሁኔታ የሚያሳየውን ሰሌዳ አየች። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

«ደህና ናቸው እኮ» አለች።

«ጣትሽን አንገታቸው ላይ አድርጊ።»

«ሰሌዳው…»

«ሰሌዳውን ተይው። ጣትሽን!»

ሐኪሟ ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ እንዲያ አድርጋ እንደማታውቅ ከአኳኋኗ ያስታውቃል። ቦታውን ሁለቴ ሳተችው። ሦስተኛ ላይ አገኘችው። ትርሲት ፊቷን ስታይ ነበር፤ ሐኪሟ ምቱን ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከንፈሯ ገረጣ። ከዚያ ዞራ ጮኸች፤ ሰው ተሯሯጠ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ በእማማ ጦይባ ልብ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር አንዋር አስጠራት። ዶክተር አንዋር ዘጠኙንም ዓመት አማካሪዋ ነበር፤ ልጇ ስትወለድ ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር።

«ይሄኛው ምስጋና ነው» አላት። «ተሳታፊ ስላዳንሽ። ይሄኛው ደግሞ ፊርማ ነው የሚፈልገው። ‹በፈተናው ላይ ያየሁትን ሰው አልለየሁም› ይላል። መዝገቡ የሚለው አሞሽ ወጣሽ ነው። ከሕመምሽ ስታገግሚ አየር ለመቀበል ወደ ገርባ ሄድሽ፤ በአጋጣሚ ደረስሽ። በሚቀጥለው ዓመት ትፈተኛለሽ።»

«ልጥፏ ለምን አረንጓዴ ሆነች?»

ዶክተር አንዋር መነጽሩን አወለቀ። «ድሮ የሞቱ ሰዎችን ልብ ነበር ለፈተና የምንሰጠው፤ ታስታውሻለሽ። ተማሪው ሁሉ መልሱን ከየትም ከየትም አገኘው። መልሱ ገና ያልኖረ ጥያቄ አስፈለገ። አንድ ልብ ለፈተና ሲመረጥ ልጥፉን ቀይ የሚያበራው ማንቂያ ለሰባ ሁለት ሰዓት ታግዶ ይቆያል። ማንቂያው ከሠራ ሐኪም ይደርሳል፣ ሐኪም ከደረሰ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«ፈርመዋል። ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ።»

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

«እኔም አላውቅም፣ ትርሲትዬ። ማንም እንዳያውቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። የማውቀው ተማሪው በራሱ እጅ በሰበሰበው መረጃ እንደሚፈተን ብቻ ነው፤ የሥራ ላይ ትምህርት ትርጉሙ ይሄ ነው ተብሎ።»

«ማንቂያውን ዛሬ አስለቅቁት።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ይለቃል። ከዚያ በፊት የሚለቅበት ቁልፍ የለም። ጠይቄያለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በየዓመቱ እጠይቃለሁ።»

ትርሲት ብዕሩን አየችው። ዘጠኝ ዓመት። ሁለት ዓመት ነበር የቀራት። እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ልጅ ልትጨርስ ነው» ማለት ከጀመረች ከርማለች።

«ለይቻለሁ» አለች። «እንደሱ ብለህ ጻፍ።»

ዶክተር አንዋር መነጽሩን መልሶ አደረገ። በኋላ ጻፈ። ጉትቻዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ጆሮዋ ውስጥ የነበረው እዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ ጠፋ፤ እንደነበረ እንኳ ረስታው ነበር። ወደ ቤቷ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ያለምክንያት ቆመች።

ረቡዕ ከአንድ ሰዓት በፊት የአዳራሹ በር ላይ ነበረች። ሙሄ አይሱዙውን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ ይጠብቃል፤ ትላንት ማታ ነበር «ነገም የምትፈልጊኝ ከሆነ» ያላት። አሥራ ሦስቱ ተፈታኞች አንድ በአንድ ሲመጡ ሊያናግሯት አልፈለጉም። ጉትቻቸው ይሰማል። ሌንሳ አጠገቧ ስትደርስ አንገቷን ደፍታ «አትንገሪኝ» አለች በሹክሹክታ። «ትርሲት፣ በልጆቻችን፣ አትንገሪኝ።»

ትርሲት ግን ለሁሉም በአንድ ድምፅ ተናገረች፤ «የምታዩት ልብ የራሳችሁ ሰው ልብ ነው! ዛሬ በሕይወት አለ። ማንቂያው ተዘግቷል፤ ማንም አይደርስለትም። ልጥፉን ስትቀይሩ በጣታችሁ የመታችሁበትን ፈልጉ፣ እጃችሁን ታውቁታላችሁ!»

ሁለት ጥበቃዎች ክንዷን ይዘው ከበሩ አራቋት። ይታገሡ እያያት አለፈ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈት አድርጎ ነበር፤ ገባ። በሩ ተዘጋ።

አሥር ደቂቃ። ሃያ። ጥበቃዎቹ እንኳ መነጋገር አቁመው በሩን ያያሉ። ትርሲት አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። የለቀቀችው ዲግሪ ሳይሆን ያ ዝግ በር ነበር ልቧን የሚያስጨንቀው። ቢሰሙኝስ ምን ያደርጋሉ፣ ብላ አሰበች። እኔስ ትላንት የጣቴን ምት ባላየው ኖሮ እወጣ ነበር?

በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ በሩ ተከፈተ። ሌንሳ ነበረች፤ ጫማዋ አንዱ ወልቋል።

«ሐርቡ ነው!» አለች እየሮጠች። «የኔ ሰው ሐርቡ ነው፤ መኪና አለሽ?»

ከኋላዋ ሌላ ወጣ። ከዚያ ሁለት አንድ ላይ። ሙሄ ሞተሩን አስነሳ።

ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ ወጡ። ሁሉም ተሰርዘዋል። ለዘጠኙም ሰዎች ተደረሰላቸው፤ ሰባቱ ሆስፒታል ገቡ፣ የሌንሳው የሐርቡ ሰው ከነሱ አንዱ ነበር፤ ሁለቱ ምንም ሳይሆኑ ተገኙ። አራት ተፈታኞች እስከ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው መልሳቸውን ጻፉ። ከአራቱ ልቦች ሦስቱ ጠዋቱን አለፉ። አንዱ፣ የደጋኑ ይማም አበጋዝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመ። ተፈታኙ «ይህ ልብ ከረፋዱ በፊት ይቆማል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ተፈታኙ ይታገሡ ነበር።

በሦስተኛው ወር ትርሲት ቤት መጣ። ጎብጧል። ጉትቻው ጆሮው ላይ የለም። ወንበር ብትሰጠው አልተቀመጠም።

«አውቄው ነበር» አላት። «ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ያወቅሁት፤ አንቺ ከመናገርሽ በፊት። ሲስል ሞገዱ ላይ ይታያል፤ ሳሉን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ አልኩ። ሦስት ሰዓት ላይ እሮጣለሁ አልኩ።»

ትርሲት ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣላትም።

«ለቅሶ ልድረስ ብዬ ነው» አለ። «አርባው እንኳ አልፏል። ብቻዬን እግሬ እምቢ አለኝ።»

ነጠላዋን አነሳች።

ደጋን ሲደርሱ ቤቱ ዝም ያለ ነበር። ሚስቲቱ በር ላይ ወጡ፤ ጥቁር የለበሱ፣ አጭር ሴት። ይታገሡ ጫማውን አውልቆ ደፍ ላይ ቆመ። «እግዜር ያጽናዎት» አለ። «እኔ… ልጥፋቸውን የምቀይርላቸው ነኝ።»

ሴትዮዋ ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንተ ነህ?» አሉ። «ይማም እኮ ያን ጠዋት አንተን ሲጠራ ነበር። ‹ልቤ ደህና አይደለም፤ ያንን ልጅ ጥሩልኝ፣ እሱ ያውቃል› ሲለኝ ነበር። የት እንደምናገኝህ አላወቅንም እንጂ!» ወደ ውስጥ ሳቡት። «ግባ፣ ግባ ልጄ። መጣህ፣ ይበቃል።»

ይታገሡ ገባና ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትርሲት አጠገቡ ተቀመጠች፤ እስኪመሽም አልተነሱም።